ከዊንዶውስ ጎን የተጫነ ኡቡንቱን መጠባበቂያ መያዝ፤ ከዝግጅት እስከ መመለስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዊንዶውሱ ክፉኛ የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ፎርማት ለማስደረግ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩ። በላፕቶፑ ላይ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና መጫኑን ለባለሙያው መንገር ዘነጋሁ። ማምሻውን ስረከብ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይፈጥናል፤ ኡቡንቱው ግን ከነሥራዬ የለም። «ያልተጠቀምክበት ባዶ ቦታ ነበር፤ ከዲ ጋር ቀላቀልኩልህ» አለኝ ባለሙያው፣ ደግ እንደሠራ ሰው ፈገግ ብሎ። ብዙም ልቀየመው አልቻልኩም። በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ መስኮት ላይ የሊኑክስ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) የሚታየው ፊደልም ስምም ሳይኖረው፣ ይዘቱም ሳይነበብ፣ ባለቤት እንደሌለው መሬት ሆኖ ነው።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ስርዓተ ክወና ሲኖር ሁለተኛው ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የዊንዶውስ የራሱ የምስል ቅጂ መሣሪያ፣ ማለትም የክፍልፋይን ይዘት እንዳለ የሚቀዳው፣ ኡቡንቱ የሚጠቀምበትን ኢኤክስቲ4 የተባለ የፋይል ስርዓት ስለማያነብ አይቀዳውም፤ ከፋብሪካ አብሮ የሚመጣው የመመለሻ ክፍልፋይም የሚመልሰው ዊንዶውስን ብቻ ነው፣ ሲመልስም ዲስኩን እንዳለ ሊጠርገው ይችላል። ስለዚህ ለሁለተኛው ስርዓት ራሱን የቻለ መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ በአንድ ዲስክ ላይ ከዊንዶውስ 11 ጎን የተጫነ ኡቡንቱ 24.04ን በምሳሌነት ይዞ፣ ክሎንዚላ የተባለውን ነጻ መሣሪያ ይጠቀማል። ሚንት ወይም ዴቢያን የተባሉትን ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች ለጫነ ሰውም አካሄዱ ያው ነው፤ ፌዶራ የጫነ ግን የማስነሻ ፋይሎች ለብቻቸው የሚቀመጡበት ተጨማሪ ክፍልፋይ ስላለው እሱንም አብሮ መቅዳት አለበት።

ኡቡንቱ የሚኖረው በአንድ ክፍልፋይ ውስጥ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁን የኡቡንቱ ክፍልፋይ ቀድቶ ሁሉንም የያዘ ይመስለዋል፤ በመመለሻው ዕለት ግን ፋይሎቹ በቦታቸው እያሉ ስርዓቱ አልነሳም ይላል። ምክንያቱን ለመረዳት ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚነሳ በአጭሩ ማየት ይበቃል።

ዩኢኤፍአይ በሚባለው አሠራር የሚነሱ የዛሬ ኮምፒውተሮች ዲስካቸው ላይ ኢኤፍአይ የምትባል ትንሽ የማስነሻ ክፍልፋይ አለች። ዊንዶውስ ራሱ ሲፈጥራት አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ ናት፤ የፋይል ስርዓቷም ፋት32 ነው። ሁለቱ ስርዓተ ክወናዎች ይህችን ክፍልፋይ ይጋሯታል፤ በውስጧ ለማይክሮሶፍት አንድ ፎልደር፣ ለኡቡንቱ ሌላ ፎልደር አለ። በኡቡንቱ ፎልደር ውስጥ ግራብ የሚባለው አስነሺና የኡቡንቱ ዋና ክፍልፋይ የት እንዳለ የሚነግረው አጭር የማዋቀሪያ ፋይል ይቀመጣሉ። ፋይሉ ክፍልፋዩን የሚጠራው በዲስኩ ላይ ባለው ተራ ቁጥር ሳይሆን ዩዩአይዲ በተባለ ረጅም መለያ ነው፤ ይህ መለያ ክፍልፋዩ ፎርማት በተደረገ ቁጥር ይለወጣል። ሦስተኛው አካል ከዲስኩ ውጭ ነው፤ የትኛው አስነሺ ቅድሚያ እንዳለው የሚገልጸው መዝገብ በማዘርቦርዱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይኖራል።

ፋይሎችን ብቻ እየመረጡ ወደ አዲስ ፎርማት ወደተደረገ ክፍልፋይ መገልበጥ ስርዓቱን የማያስነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግራብ የድሮውን መለያ ፈልጎ ሲያጣ ትእዛዝ የሚጠብቅ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። ክሎንዚላ ግን የፋይል ስርዓቱን ከነመለያው ስለሚቀዳ፣ ሲመለስም መለያው ያው ይሆናል። ለስርዓቱ ይህን መሣሪያ የመረጥኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ከመቅዳት በፊት የሚደረግ ዝግጅት

በቅድሚያ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያስፈልግዎታል። ክሎንዚላ በክፍልፋዩ ላይ የተያዘውን ቦታ ብቻ አንብቦ፣ አጭቆ ስለሚያስቀምጥ ቅጂው ከተያዘው መጠን ያንሳል፤ ቢሆንም ፎቶና ቪዲዮ ቀድሞውኑ የታመቁ ስለሆኑ እምብዛም አይጨመቁምና፣ ኡቡንቱው 60 ጊጋባይት ከያዘ ቢያንስ 60 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ያዘጋጁ። ውጫዊ ዲስኩ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኢኤክስቲ4 ቢሆን ይሻላል። በርካሽ የሚሸጡ፣ በላያቸው ላይ 2 ቴራባይት የተጻፈባቸው ፍላሾችን ለዚህ ሥራ አይመኑ፤ ብዙዎቹ እውነተኛ አቅማቸው ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ሆኖ፣ ሲሞሉ ምንም ሳያስጠነቅቁ ቀድሞ የተጻፈውን ይደመስሳሉ።

ሁለተኛው ዝግጅት የቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ፣ ቁልፍ ነው። ብዙ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ባለቤታቸው ሳያውቅ ዲስካቸው ይመሰጠራል። በባዮስ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ፣ ሴክዩር ቡት የተባለውን የማስነሻ ጥበቃ ማጥፋት ወይም የማስነሻ ክፍልፋዩን መነካካት ዊንዶውስ ባለ48 አኃዝ የመመለሻ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ቁልፉ ከሌለዎት በዊንዶውሱ በኩል ያለው መረጃ በሙሉ ተዘግቶ ይቀራል። ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገብተው ቁልፉን ያግኙና በወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ይህን ሳያደርጉ ቀጣዩን እርምጃ አይጀምሩ።

ሦስተኛው ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው የዊንዶውስ ባሕርይ ነው። ይህ ባሕርይ በርቶ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ የከፈታቸውን የኤንቲኤፍኤስ ክፍልፋዮች ሳይለቅ ይቆያል። ክሎንዚላ እንዲህ ያለ ክፍልፋይ ሲያገኝ ወይ አልቀዳም ይላል፣ ወይ ውጫዊ ዲስኩ ላይ አልጽፍም ይላል። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ በኃይል አማራጮች ሥር ባሕርይውን ማጥፋት ይቻላል፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ሳይለቁ ሸትዳውን ማለት ይበቃል። ውጫዊ ዲስኩንም ከዊንዶውስ ሲነቅሉ በደንቡ ኢጀክት አድርገው ይንቀሉት።

ከዚያ ኡቡንቱን አስነስተው ጂፓርትድ የተባለውን መተግበሪያ ይክፈቱ፤ ከሌለ ከሶፍትዌር ማዕከሉ ይጫኑት። የዲስክዎን ካርታ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በካርታው ላይ ፋት32 የሆነችውን የማስነሻ ክፍልፋይና ኢኤክስቲ4 የሆነውን የኡቡንቱ ክፍልፋይ ለይተው ስማቸውን ይመዝግቡ። ዲስኩ አዲሱ የኤንቪኤምኢ ዓይነት ከሆነ ስሙ «ኤንቪኤምኢ0ኤን1ፒ5» ዓይነት ይሆናል፤ በሳታ ገመድ የሚገናኝ ከሆነ «ኤስዲኤ5» ዓይነት ነው። በመጠን ብቻ ለመለየት አይሞክሩ፤ አንዳንድ መሣሪያ በ1000፣ ሌላው በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር፣ 512 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው ዲስክ በዊንዶውስ 476 ሆኖ ይታያል። የፋይል ስርዓቱ ዓይነት ግን በየትም አይለዋወጥም።

የመብራት ነገርም አለ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። በመቅዳት ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ኡቡንቱው ላይ ጉዳት አይደርስም፣ ክሎንዚላ ከእሱ ላይ የሚያነበው ብቻ ነውና፤ ጅምሩን ቅጂ ሰርዞ እንደገና መጀመር ነው። በመመለስ ላይ ሳለ ቢጠፋ ግን ክፍልፋዩ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀራል።

የክሎንዚላ ፍላሽ ማዘጋጀት

ክሎንዚላ በታይዋን ብሔራዊ ከፍተኛ አቅም የኮምፒውቲንግ ማዕከል የሚዘጋጅ ነጻ መሣሪያ ነው። ከድረ ገጹ የቅርብ ጊዜውን ቋሚ እትም በአይኤስኦ ፋይል ያውርዱና በዊንዶውስ ላይ ሩፈስ በተባለው መተግበሪያ ወደ ፍላሽ ይጻፉት። የ1 ጊጋባይት ፍላሽ እንኳ ይበቃል፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ግን ይጠፋል። የመጠባበቂያ ዲስኩን ራሱን የክሎንዚላ ማስነሻ ለማድረግ የሚቃጡ አሉ፤ አይመከርም፣ ሁለቱ ለየብቻ ይሁኑ። ኡቡንቱን የጫኑበት ፍላሽ ካለዎትም አይሰርዙት፤ ስንመልስ ያስፈልገናል።

መቅዳት

ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ፍላሹን ይሰኩና ሲያበሩት የማስነሻ ምርጫ ቁልፉን ይጫኑ፤ በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ፍላሹን ሲመርጡ የክሎንዚላ ዝርዝር ይመጣል፤ የመጀመሪያውን ምርጫ ተቀብለው ይለፉ። ቋንቋ ሲጠይቅ እንግሊዝኛን፣ ኪቦርድ ሲጠይቅ ያለውን እንዲተው የሚለውን፣ ከዚያ «ስታርት ክሎንዚላ»ን ይምረጡ። ገጹ ያረጀ ይመስላል፣ ማውሱም አይሠራም፤ በቀስት ቁልፎች ይንቀሳቀሳሉ፣ በስፔስ ይመርጣሉ፣ በኢንተር ያልፋሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወሳኝ ነው። «ዲቫይስ-ኢሜጅ» የሚለው ክፍልፋዩን ወደ ፋይል ይቀዳል፤ እኛ የምንፈልገው ይህን ነው። «ዲቫይስ-ዲቫይስ» የሚለው ግን አንዱን ዲስክ በሌላው ላይ በቀጥታ ስለሚገለብጥ፣ በስህተት ከተመረጠ መጠባበቂያ ዲስክዎን ከነይዘቱ ሊያጠፋው ይችላል።

ከዚያ ቅጂው የት ይቀመጥ ሲል «ሎካል ዴቭ»ን ይምረጡ፤ ውጫዊ ዲስኩን አሁን ይሰኩና 5 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ። በዝርዝሩ ላይ ከነስሙና ከነመጠኑ ሲታይ ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጭነው ይለፉ። ከቀረቡት ክፍልፋዮች ውስጥ የውጫዊ ዲስኩን ይምረጡ፤ ቅጂው የሚያርፍበትን ፎልደር ሲጠይቅ ወደ ፎልደሩ ገብተው በታብ ቁልፍ «ደን» ላይ ያርፉ።

ጀማሪ ወይም አዋቂ ብሎ ሲጠይቅ አዋቂም ቢሆኑ ጀማሪውን ይምረጡ፤ ቀድመው የተሞሉት ምርጫዎች በቂ ናቸው። አሁን «ሴቭፓርትስ» የሚለውን ይምረጡ፣ ማለትም የተመረጡ ክፍልፋዮችን ብቻ መቅዳት። በቂ ቦታ ካለዎት «ሴቭዲስክ» በሚለው ዲስኩን በሙሉ ከነዊንዶውሱ አንድ ጊዜ ቀድቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ዲስኩ የሞተ ዕለት ሁሉንም በአንድ እርምጃ የሚመልሰው እሱ ነው። በቢትሎከር የተመሰጠረ ክፍልፋይ ግን ሳይነበብ እንዳለ ስለሚቀዳ ባዶ ቦታው ጭምር ተቆጥሮ ቅጂው እጅግ ይገዝፋል።

ለቅጂው ስም ሲሰጡ የኡቡንቱውን እትምና ቀኑን ያካትቱ። ከዚያ ቀደም ብለው የመዘገቧቸውን ሁለት ክፍልፋዮች፣ የማስነሻዋንና የኡቡንቱውን፣ በስፔስ ኮከብ አድርገው ይምረጡ። ብዙ ሰው የማስነሻዋን የሚረሳት እዚህ ጋ ነው። የማጨቂያውን ዘዴ እንደተሞላው ይተዉት፤ የፋይል ስርዓት ምርመራውን ይዝለሉት፤ ቅጂው ካለቀ በኋላ ይፈተሽ ወይ ሲል ግን አዎ ይበሉ፣ ጊዜው ቢረዝምም። ቅጂውን በይለፍ ቃል ልመስጥር ወይ ብሎም ይጠይቃል። ውጫዊ ዲስኩ ከቤት የሚወጣ ከሆነ መመስጠር ይገባል፤ የይለፍ ቃሉ ከተረሳ ግን ቅጂውም አብሮ እንደጠፋ ይቁጠሩት። በመጨረሻ ማረጋገጫ ሲጠይቅ የክፍልፋዮቹን ስም ከመዘገቡት ጋር አስተያይተው ዋይን ይጫኑ።

ሲጨርስ ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ውጫዊ ዲስኩን ይንቀሉ፣ በዲስኩ ላይም ቀኑን የያዘ ወረቀት ይለጥፉበት። በሌላ ቀን ከክሎንዚላ ዝርዝር ውስጥ ቅጂው ሊመለስ የሚችል መሆኑን የሚፈትሸውን ምርጫ መልሶ ማስኬድ ጥሩ ነው። ሥራ ያቆመ ትርፍ ዲስክ ካለዎት ደግሞ ቅጂውን እሱ ላይ መልሰው ያስነሱት፤ ሆኖም የመጀመሪያው ዲስክና ሙከራው ባንድ ጊዜ ተሰክተው አይነሱ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዩዩአይዲ ስለሚይዙ ስርዓቱ የትኛውን እንደከፈተ ለማወቅ ይቸግራል።

የግል ፋይሎችን ለብቻ መያዝ

የምስል ቅጂው አንድ ድክመት አለው፤ ትናንት በስህተት የሰረዙትን አንድ ሰነድ ብቻ ከውስጡ ነጥሎ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። የምስል ቅጂውን በየ3 ወሩ እና ከእያንዳንዱ ትልቅ ማሻሻያ በፊት፣ ለምሳሌ ከ22.04 ወደ 24.04 ከመሸጋገርዎ በፊት ይያዙ፤ ሰነዶችዎን ግን በየሳምንቱ በሌላ መንገድ ይቅዱ። ለዚህ ዴዣ ዱፕ የተባለው፣ በኡቡንቱ ውስጥ «ባክአፕስ» በሚል ስም የሚታየው መተግበሪያ ይበቃል። ውጫዊ ዲስኩን መድረሻ አድርገው፣ የሆም ፎልደርዎን ምንጭ አድርገው፣ ጊዜውን ሳምንታዊ ያድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። መተግበሪያው የዳውንሎድስን ፎልደር ቀድሞውኑ ከሚቀዱት ውጭ አድርጎ ነው የሚመጣው። የመመረቂያ ጽሑፉን ከቴሌግራም አውርዶ እዚያው ዳውንሎድስ ውስጥ ሲያርም የሚከርም ስንቱ ነው! ከማይቀዱት ዝርዝር ውስጥ ያውጡት። በነጥብ የሚጀምሩ ስውር ፎልደሮችንና «ስናፕ» የተባለውን ፎልደርም አይተዉ፤ የብራውዘሩ ዕልባቶች (ቡክማርክ)፣ በእጅ የጫኗቸው የአማርኛ ፎንቶችና የመተግበሪያዎች ማስተካከያ የሚኖሩት እዚያ ነው።

ታይምሺፍት የተባለውን መሣሪያ ተጠቅመው መጠባበቂያ ያላቸው የሚመስላቸው አሉ። መሣሪያው ከተበላሸ ማሻሻያ ለመመለስ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ካልተነገረው በቀር የሆም ፋይሎችን አይጨምርም፣ ቅጂውንም ብዙ ሰው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጠው ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

መመለስ

አመላለሱ እንደ ጉዳቱ ይለያያል፤ ቀላሉ የዲስኩ ካርታ ሳይነካ ኡቡንቱው ብቻ የተበላሸበት ነው። በመጀመሪያ በኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ ሳይጭኑ አስነስተው፣ ከምስል ቅጂው በኋላ የሠሯቸውን ፋይሎች ወደ ውጫዊ ዲስክ ያውጡ። ከዚያ በክሎንዚላ እንደ ቀድሞው ሄደው «ሪስቶርፓርትስ»ን ይምረጡና የኡቡንቱውን ክፍልፋይ ብቻ ይመልሱ። የማስነሻዋን ክፍልፋይ ግን አይመልሷት። በውስጧ የዊንዶውስም አስነሺ ስላለ፣ የ6 ወር ቅጂ በላይዋ ላይ ሲጻፍ በመካከሉ የተሻሻለውን የዊንዶውስ አስነሺ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ቢትሎከርም ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ክሎንዚላ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያረጋግጣል፤ ሁለቱንም ጊዜ የመድረሻውን ክፍልፋይ ስም ያንብቡ።

እኔ እንደደረሰብኝ ክፍልፋዩ ተሰርዞ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ ሥራው ይረዝማል። «ሪስቶርፓርትስ» ክፍልፋይ አይፈጥርም፤ ስለዚህ በኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ ተነስተው፣ በጂፓርትድ ከቀድሞው እኩል ወይም የሚበልጥ ክፍልፋይ አስቀድመው ይፍጠሩ፣ በ1 ሜጋባይት እንኳ ቢያንስ አይቀበልም። ካነሱት ፎቶ ላይ የቀድሞውን መጠን ማየት የሚጠቅመው አሁን ነው። የክፍልፋዩ ተራ ቁጥር ቢለወጥ ችግር የለውም፣ ኡቡንቱ የሚፈልገው ዩዩአይዲውን ነው። ዲስኩ ራሱ ሞቶ አዲስ ከተገዛና የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ከሌለ፣ ዊንዶውስን አስቀድመው ይጫኑና ከዚህ አንቀጽ ይቀጥሉ።

ከመመለሱ በኋላ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ቢነሳ አይደንግጡ፤ ፋይሎቹ አልጠፉም። ባዮስ ገብተው በማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ኡቡንቱ ካለ ወደ ላይ ያምጡት። ስሙ ከሌለ ወይ መዝገቡ ከማዘርቦርዱ፣ ወይ አስነሺው ከማስነሻዋ ክፍልፋይ ጠፍቷል ማለት ነው፤ በኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ ተነስተው ቡት-ሪፔር የተባለውን መሣሪያ ይጫኑና የሚመከረውን ጥገና ያስኪዱ፤ ግራብን መልሶ ይጭናል። ይህ እርምጃ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ አልፎ አንዳንዴ ኡቡንቱ መነሳት ይጀምርና 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ያህል አንድ ዲስክ ሲጠብቅ ቆይቶ የአደጋ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። አዲሱ የዊንዶውስ ጭነት የማስነሻዋን ክፍልፋይ ፎርማት ሲያደርግ መለያዋ ተለውጧል፤ ኡቡንቱ ግን አሁንም የድሮውን ይጠብቃል። በመጫኛው ፍላሽ ተነስተው ጂፓርትድን ይክፈቱ፣ የማስነሻዋን ክፍልፋይ መረጃ አውጥተው በመካከሉ ሰረዝ ያለበትን ባለ8 ምልክት አጭር መለያ ይጻፉ። ከዚያ በተመለሰው ኡቡንቱ ውስጥ፣ «ኢቲሲ» በተባለው ፎልደር ሥር ያለውን «ኤፍኤስታብ» ፋይል በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው፣ የማስነሻዋ ክፍልፋይ በተጠቀሰችበት መስመር ላይ የድሮውን መለያ በአዲሱ ይተኩና ያስቀምጡ። ሌሎቹን መስመሮች አይንኩ። ፍላሹን ነቅለው እንደገና ሲያስነሱት የግራብ ዝርዝር ሁለቱንም ስርዓቶች ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ከጎደለም ኡቡንቱው ከተነሳ በኋላ ቡት-ሪፔርን ከውስጡ አንድ ጊዜ ማስኬድ ይጨምረዋል።